ሽቅብ የሄዱት ባልዲዎች

ከኛምቡካ ሸለቆ፣ ርዌንዞሪ ተራራ ሥር
ሴፕቴምበር 14 ቀን 2014

ለታላቅ አባቴ ለሙሂንዶ፣ ኪትዌ፣ ዛምቢያ፤

በረዶው በተራራው ራስ ላይ እንዳለ እርስዎም በእኛ ራስ ላይ ይኑሩልን። እናቴ ጉልበቷን ያማታል እንጂ አፏ ደህና ነው፤ ዛሬም ከዶሮዋ ጋር ስትጣላ ነው ያረፈደችው። አባቴ፣ ታናሽ ወንድምዎ፣ ካረፈ ሁለት ዓመት ሞላው። መቃብሩ ላይ የተከልነው አበባ ይዟል።

ስልክ እንዳልደውልልዎ ጆሮዎን የማዕድኑ ድንጋይ መፍጫ በልቶታል። ባይበላውም ኖሮ ይህን በስልክ አልነግርዎትም ነበር፤ እንዳልጮህ ብዬ።

ሥራዬን ቀሙኝ።

ለሸለቆው የቧንቧ ውኃ ሊያስገቡ የመጡ ሰዎች እንደቀጠሩኝ ጽፌልዎት ነበር። ከወንዙ ከአምስት ቦታ ውኃ ቀድቼ ካምፓላ ለምርመራ መላክ ነበር ሥራዬ። ጠርሙስ የሚሸከሙልኝ ሴቶች ቁጥር ያምታታቸዋል፤ የትውልድ ተራ ግን በአገራችን ማንንም አያምታታም። ስለዚህ ጠርሙሶቹን በሴት ልጅ ስም ጠራኋቸው። ውጤቱ ሲመጣ አለቃዬ ወረቀቱን በሰው ፊት አነሣና፣

«እነዚህ ሴትዮዎች እነማን ናቸው? የወንዙን ውኃ ነው የላክሽው ወይስ የጎረቤቶችሽን ሽንት?» አለ። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ።

«ስም ብቻ አይደለም፣ ተራ ነው» አልኩት። «እኛ ዘንድ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ ማሲካ ናት፤ ሁለተኛዋ ቢኢራ፤ ሦስተኛዋ እንደ እኔ ካቡጎ፤ አራተኛዋ ምባምቡ፤ አምስተኛዋ ኢቱንጉ። ማሲካ ከሁሉም በላይ ጫካው ሥር የተቀዳችው ናት። ኢቱንጉ ታች ቆላው ላይ ነች።»

«እሺ። ማሲካ ንጹሕ። ካቡጎ የድሮው ማዕድን አፍ ላይ፣ ቆሻሻ፤ ይገባኛል። ቢኢራ ግን ከማዕድኑ በላይ ነች፤ መዳቡም ኮባልቱም ከሁሉም የበዛው እሷ ላይ ነው። ወንዝ ሽቅብ ይፈሳል እንዴ?»

«አይፈስም።»

«እንግዲያው ቢኢራንና ምባምቡን አቀያይረሻል።»

«ጌታዬ፣ በእኛ አገር የሰከረ ሰው እንኳ ሁለተኛ ልጁን አራተኛ ብሎ አይጠራም።»

ይህን በመናገሬ ይሁን ወይም ውጤቱ ስላልተመቸው አላውቅም፣ በሦስተኛው ቀን «በግዴለሽነት» የሚል ደብዳቤ ሰጡኝ። ግዴለሽ! ያን ወንዝ እስከ ወገቤ ገብቼ የቀዳሁት እኔ! ለሥራዬ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። ግን የቧንቧውን መቅጃ ከማዕድኑ በላይ፣ ልክ ቢኢራን የቀዳሁበት ቦታ ሊሠሩት ነው። «ከማዕድን በላይ ያለ ውኃ ንጹሕ ነው» ይላሉ። መላው ሸለቆ፣ ትምህርት ቤቱም፣ ከዚያ ሊጠጣ ነው።

እርስዎ አሥራ ስምንት ዓመት በማዕድኑ ሠርተዋል። ከጉድጓዱ በላይ ምን አለ? ከእርስዎ ሌላ የምጠይቀው በሕይወት ያለ ሰው የለኝም።

ልጅዎ ካቡጎ


ከኪትዌ፣ ዛምቢያ
ኦክቶበር 26 ቀን 2014

ለልጄ ለካቡጎ፣ የወንድሜ ጠረን፤

የወንድሜ ዐይን በአንቺ ውስጥ ይይ፣ እግሩም በአንቺ ውስጥ ይርገጥ። ደብዳቤሽ ደረሰኝ። እኔ ጤና ነኝ። ጆሮዬ እንደምታውቂው ነው፤ ሚስቴ ስትሰድበኝ ፈገግ እላለሁ፣ እሷም የባሰ ትናደዳለች። እንዲህ እያልን እንኖራለን።

ስለ ሥራሽ አዘንኩ። ነገር ግን አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ አንዱ በር ሲዘጋ መስኮት አይጠፋም። ከቤታችን አጠገብ ያለ ትምህርት ቤት የሳይንስ አስተማሪ ይፈልጋል። ለምን አትመጪም? ወንዝ የእግዜር ነው፣ ያነጻዋል። አለቃሽም ሰው ነው፣ ይሳሳታል። አንቺም ሰው ነሽ። ምናልባት ጠርሙሶቹ በመንገድ ላይ ተንከባለው ይሆን?

ለእናትሽ ሁለት በወገብ የሚጠመጠም የቺቴንጌ ጨርቅና አንድ ጆንያ የደረቀ ትንንሽ ዓሣ በፓስተሩ ሚስት እጅ ልኬያለሁ። ጨርቁ ሰማያዊ ነው። ወንድሜ ሰማያዊ ይወድላት ነበር።

ለወንድሜ የሰጠሁት ሜዳ እንዴት ነው? ዘንድሮ ምን ዘራችሁበት? አፈሩ አልታጠበም? ከበታቹ ካለችው ምንጭ ማን ይቀዳል? እንዲያው ናፍቆኝ ነው የምጠይቀው።

ታላቅ አባትሽ ሙሂንዶ


ከኛምቡካ ሸለቆ
ኖቬምበር 20 ቀን 2014

ለታላቅ አባቴ ለሙሂንዶ፤

ጤናዎ እንደ ቀርከሃ ይጽና። ዓሣው ደርሶ አልቋል። ጨርቁን እናቴ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነበር። ሴቶቹ በስሟ ጠርተው «ማሲካ፣ ባል ልታገቢ ነው እንዴ?» ቢሏት፣ «ባሌ ነው የላከልኝ፤ ከሰማይ በኪትዌ በኩል» አለቻቸው። እግዜር ይስጥልኝ። ግን ጨርቅ አልጠየቅኩም፤ ከጉድጓዱ በላይ ምን አለ ብዬ ነው የጠየቅኩት።

«ጠርሙሶቹ ተንከባለው ይሆን» ያሉኝን ቃል ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከአለቃዬ አፍ ሲወጣ አናደደኝ፤ ከእርስዎ ሲመጣ ግን አመመኝ።

ልንገርዎት፣ ምክንያቱም እርስዎ ብረት በእጅዎ የሚያውቁ ሰው ነዎት። ብረት በወንዝ ውስጥ ሁለት ዓይነት መንገደኛ ነው። አንደኛው ሟሙቶ ይሄዳል፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ ውኃው እንደ መስተዋት ጠርቶ ሳለ በውስጡ ያልፋል። ሁለተኛው ከደቃቅ አፈር ጋር ተጣብቆ ይጓዛል፤ ወንዙ ሲሮጥ አብሮ ይሮጣል፣ ወንዙ በመታጠፊያው ሲዝል አብሮ ይተኛል። ዓመት ሊተኛ ይችላል፣ ሃያ ዓመትም ሊተኛ ይችላል። ጎርፍ ሲመጣ ተነሥቶ መንገዱን ይቀጥላል። ያለፈው ዓመት ጎርፍ ብዙ የተኛ ነገር ቀስቅሷል። እኔም ቢኢራ ጋ ሄጄ ድንጋዮቹን ገለበጥኩ። ማሲካ ጋ በእያንዳንዱ ድንጋይ ሥር ሸርጣን አለ። ቢኢራ ጋ አንድም የለም። ሸርጣን ደግሞ ጠርሙስ አይደለም፣ በመንገድ ላይ አይንከባለልም።

ስለ ሜዳው ጠይቀዋል። ጥሩ፣ ልመልስ። በዚህ ገደል ሁሉ ሰው ገመድ ታጥቆ በሚቆፍርበት አገር፣ እርስዎ ሲሄዱ ለአባቴ የሰጡት ያ ሜዳ እስካሁን የመንደሩ ቅናት ነው። ባቄላው ግን ይበቅልና ይገረጣል። እናቴ «መሬቱ ኩራተኛ ነው» ትላለች። አንድ ቅጠል በዚህ ወረቀት መሃል አድርጌ ልኬልዎታለሁ፤ ጅማቶቹ አረንጓዴ፣ መሃሉ ቢጫ ነው፣ ይዩት። ሜዳው ከማዕድኑ በላይ፣ ከቢኢራም በላይ ነው። ከበታቹ ካለችው ምንጭ ማንም አይቀዳም። አባቴ እኔ እስከማስታውሰው ድረስ ሁልጊዜ ከላይ ከጫካው ነበር የሚቀዳው፤ ሃያ ሊትር ጀሪካን ትከሻው ላይ አድርጎ በየማለዳው። «ሚስቱ አዙራበታለች፣ እንደ ሴት ውኃ ይቀዳል» እያሉ ይስቁበት ነበር።

አሁን እኔ ልጠይቅ። ናፍቆት አራት ጥያቄ በአንድ መስመር አይጠይቅም። ሜዳው ምንድን ነው?

ፌብሩዋሪ 12 ቀን ሕዝቡ ተሰብስቦ መቅጃው የት እንደሚሠራ ይወሰናል። ከዚያ ወዲያ ሲሚንቶ ይፈስሳል።

ካቡጎ


ከኛምቡካ ሸለቆ
ጃንዋሪ 4 ቀን 2015

ታላቅ አባቴ፤

አዲሱ ዓመት ከነበረከቱ ይግባልዎት። ደብዳቤ አልመጣም። ታመው ከሆነ በሌላ ሰው እጅም ቢሆን ያጽፉልኝ፤ ካልታመሙ ግን ዝምታዎን እንደ መልስ ልቆጥረው ነው።

ትናንት ከሜዳው በላይ ያለውን ቁጥቋጦ በገጀራ ከፍቼ ገባሁ። ዝገት የበላው ትልቅ የብረት መዘውር አገኘሁ፤ ሽቦ ገመድ አሁንም ተጠምጥሞበታል። አንዱ ጫፍ ወደ ጫካው፣ አንዱ ጫፍ ቁልቁል ወደ ማዕድኑ ይሄዳል። ሥሩ የተገለበጠ ባልዲ አለ፤ ሰው ሊተኛበት የሚችል ትልቅ። እናቴን «ምንድን ነው?» ብላት፣ «የድሮ ነገር ነው፣ ከዚያ ውጪ፣ እባብ አለ» አለችኝ።

እባብ አላየሁም።

ካቡጎ


ከኪትዌ
ጃንዋሪ 19 ቀን 2015

ለልጄ ለካቡጎ፤

በዚህ ደብዳቤ ላይ በረከት የምጽፈው በመጨረሻው ነው፤ ካነበብሽው በኋላ ከኔ መቀበል ከፈለግሽ ትወስጂዋለሽ።

የባቄላውን ቅጠል ጠረጴዛዬ ላይ አድርጌ አምስት ሳምንት አየሁት። ሚስቴ «ይህን ደረቅ ቅጠል ጣለው» ብላ እጇን ስትሰድ እጇን ያዝኩት። በአርባ ዓመት ትዳራችን እጇን በኃይል ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው። ያን ዕለት ነገርኳት። አሁን ለአንቺ።

ያየሽው መዘውር የእኔ ነው። በሽቦ ገመዱ ላይ የሚመላለሱት ተንጠልጣይ ባልዲዎች ኃላፊ እኔ ነበርኩ። ባልዲዎቹ ከላይ ከጫካው ለጉድጓዱ መደገፊያ የሚሆን ግንድ ያወርዱ ነበር፤ ሲመለሱ ባዶ ይመለሱ ነበር። በመጨረሻው ዓመት ከመፍጫው የሚወጣው ዝቃጭ ታች ያለውን ኩሬ ሞላው። ዝቃጩን ታውቂዋለሽ፤ መዳቡ ከተለቀመለት በኋላ የሚቀር ዱቄት የመሰለ ግራጫ ጭቃ ነው። የሚደፋበት ጠፋ። አንድ ቀን የማዕድኑ አለቃ ቀና ብሎ ባልዲዎቹን አየና፣ «ሙሂንዶ፣ እነዚህ ባዶአቸውን ለምን ይመለሳሉ?» አለኝ።

ብልህ ሐሳብ መሰለኝ። ይህን አልደብቅሽም፤ ሳቅሁ እንኳ። ስምንት ወር ሙሉ ዝቃጩን ሽቅብ ላክነው። ላይ ጥልቅ ገደላማ ስርጥ ነበረ፤ ሞላነው። ሸራ እናለብሰው ነበርና ሰው ኖራ ነው ብሎ ያስብ ነበር። መዝገብ ላይ እንዳልጽፍ ተነገረኝ፤ አልጻፍኩም። ስርጡ ሲሞላ አንድ ክንድ አፈር አለበስነው፣ ሣር ተከልንበት። በዚያ ገደል ውስጥ ሜዳ ሆነ። ማዕድኑ ሲዘጋ ደመወዝ የለም አሉና በደመወዜ ፈንታ ያን መሬት ሰጡኝ። እኔም ስሄድ ለወንድሜ ሰጠሁት። ሲቀበለኝ ሁለቱን እጆቼን ሳማቸው።

ያኔ መርዝ ነው ብሎ የነገረኝ የለም። ግን ከስርጡ ሥር የሚወጣው ውኃ ድንጋዩን ብርቱካናማ ሲያደርገው፣ ሣሩም በዳር በዳሩ ሲደርቅ አይቻለሁ። አይቼ ሰጠሁት። ለወንድሜ አንዲት ቃል አልነገርኩትም። ልጄ፣ ከጫካው ይቀዳ ነበር ብትዪኝም የሚበላኝ ይህ ነው፤ አንቺ ማስታወስ ሳትጀምሪ እሱ ጠጥቶታል። ስድሳ ሁለት ዓመቱ ላይ ሲሞት ያለቀስኩት ስለሞቱ ብቻ አልነበረም።

ጠርሙሶችሽ አልተንከባለሉም። «ተንከባለው ይሆን» ብዬ ስጽፍልሽም ይህን አውቅ ነበር።

የስርጡን ካርታ በሌላኛው ወረቀት ላይ ሥዬዋለሁ፤ ጥልቀቱን በባልዲ ቆጥሬ ጽፌያለሁ። ፈርሜበታለሁ፣ የአውራ ጣቴንም አሻራ አድርጌበታለሁ። በፖስታ ይዘገያል ብዬ ወደ ካምፓላ ለሚሄድ የጭነት መኪና ነጂ ሰጥቼዋለሁ። በሕዝብ ፊት አንብቢው። ስሜን አትዝለዪው።

በረከቴ ይህ ነው፦ እኔ የሞላሁትን እግዜር በአንቺ እጅ ያጉድለው።

ሙሂንዶ


ከኛምቡካ ሸለቆ
ኤፕሪል 19 ቀን 2015

ለታላቅ አባቴ ለሙሂንዶ፤

በረከትዎን ወስጃለሁ። መልሱ ስለዘገየ ይቅር ይበሉኝ፤ የምጠብቀው አንድ ወረቀት ነበረ፣ ያለ እሱ ልጽፍልዎ አልፈለግኩም።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ስብሰባው ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። አንብቤ መጀመሪያ ተናደድኩ። ልዋሽዎት አልችልም፤ ካርታውን ይዤ ቤቱን እየዞርኩ ጮህኩ። ከዚያ እናቴን «አውቀሽ ነበር?» አልኳት። ካሳቫ ስትልጥ ነበር፤ ቢላዋዋን አላቆመችም።

«ምን እንደሆነ አላውቅም። አባትሽ እንደማይጠጣው ግን አውቃለሁ።»

«እና ሥራዬን ሲቀሙኝ ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? ‹ባሌ ውኃ ከሩቅ ይቀዳ ነበር› ልበላቸው? ሠላሳ ዓመት የሳቁበትን እንደገና እንዲስቁበት?»

«ዝምታችሁ እንጀራዬን በላ!»

«በላ» አለች። ቢላዋዋን ያኔ አስቀመጠች። «ስሚ። አባትሽ በማዕድኑ የመጨረሻ ዓመት ወንድሙ ከሥራ ሲመለስ እግሩ እስከ ጉልበቱ ግራጫ ሆኖ ያየው ነበር። ከላይ፣ ከግንዱ ዘንድ የሚመጣ ሰው ግራጫ አይሆንም። ሜዳውን በሰጠው ማግስት ጀሪካኑን አንሥቶ ወደ ጫካው ወጣ። ‹ምን አየህ?› ብለው፣ ‹ወንድሜ ሲነግረኝ አውቃለሁ፤ እስኪነግረኝ አላውቅም› አለኝ። እስኪሞት ጠበቀው።»

ታላቅ አባቴ፣ ይህን ቀስ ብለው ያንብቡት። አባቴ አልጠጣውም። አንዲት ብርጭቆ እንኳ አልጠጣም፤ እኛንም አላጠጣንም። የገደለው ልቡ ነው፤ ሐኪሙ ያኔውኑ ነግሮናል። የእርስዎንም ስም በክፉ ሲያነሣ ሰምቼ አላውቅም። ተቆጥቻለሁ፤ በእርስዎም፣ በሱም። አንድ ቃል ብትነጋገሩ ኖሮ እኔ ሸርጣን ስቆጥር አልከርምም ነበር። ግን ይህ የኔ ቁጣ ነው፣ ለብቻዬ እጨርሰዋለሁ። እርስዎ «ጠጥቶታል» የሚለውን ሸክም ያውርዱ።

ስብሰባው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሆነ። ደብዳቤዎን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ ስምዎን አልዘለልኩም። የቀድሞ አለቃዬ ተነሣና፣ «ሰውየው ሩቅ ነው፣ ሽማግሌ ነው፣ ደንቆሮ ነው። ጽሑፉ የሱ መሆኑን ማን ያውቃል?» አለ።

እናቴ ያንን ሰማያዊ ጨርቅ ለብሳ ከኋላ ተነሣች። «ጆሮው ነው የደነቆረው፣ እጁ አይደለም» አለች። «አንተ ዐይን ካለህ ደግሞ መቆፈሪያ እኔ አለኝ። ና።»

ሕዝቡ ተከተላት። ሜዳው መሃል ላይ፣ ባቄላው ሊያፈራ ሲል፣ ራሷ ቆፈረች። የሚረዳት ወንድ ቢመጣ «ዞር በል» አለችው። አንድ ክንድ ስትወርድ ግራጫው ወጣ፤ እንደ ዱቄት የላመ፣ በመሃሉ አረንጓዴ ክር ያለው። በእፍኟ ዘግና በአለቃው ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጠችለት። «ይኸው ቢኢራ» አለችው። «ሁለተኛ ናት፤ አራተኛ አይደለችም።»

የሳቀ ሰው አልነበረም።

መቅጃው እዚያ አይሠራም፤ ቀርቷል። ሜዳው በሽቦ ታጥሯል፣ ከእንግዲህ አይታረስም። ካሳ ይሰጣል ይላሉ፤ ስናይ እናምናለን። እናቴ አሁን እንደ ሌላው ሰው ዳገት ላይ ገመድ ታጥቃ ትቆፍራለች። ይህን ጻፊለት ብላኛለች፦ «ሜዳውን ሰጠን፣ ሜዳውን ወሰደ። ይምጣና ዳገቱን አብሮኝ ይቆፍር። ጆሮ አያስፈልገውም፤ የማዝዘው በእጄ ነው።» የምሯን ነው። ከቤቱ በስተኋላ ያለውን ክፍል ጠርጋዋለች።

እኔን ተመለሺ ብለውኛል። «ግዴለሽ ያላችሁኝን በጽሑፍ ካነሣችሁና በዚያው ቢሮ፣ በሳቁት ሰዎች ፊት ካነበባችሁት» አልኩ። ሁለት ሳምንት አንገራገሩ። አነበቡት። አለቃው ሲያነብ ድምፁ ትንሽ ነበር፣ «አልሰማንም» አልኩት፤ ደገመው።

የመጀመሪያ ሥራዬ አዲስ መቅጃ ቦታ መፈለግ ነበር። ብዙም አልፈለግኩም። አባቴ ሠላሳ ዓመት በረገጠው ቀጭን መንገድ ወጣሁ፤ እግሩ ድንጋዩን አለስልሶታል። ጀሪካኑን ይሞላበት ከነበረው ቦታ ስድስተኛ ጠርሙስ ቀዳሁ። ከማሲካም በላይ ነው። ድንጋይ ስገለብጥ ሸርጣን ጣቴን ነከሰኝ፤ እንደዚያ ቀን በንክሻ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ለጠርሙሱ ስም ሳወጣለት አላመነታሁም። ከሴቶች በኋላ የሚመጣ ወንድ በእኛ አገር ስሙ አንድ ነው፤ ለዋጭ ማለት ነው፣ ተራውን የሚለውጥ። እርስዎም ስምዎን ያገኙት እንዲሁ ነው።

የጠበቅኩት ወረቀት ትናንት ከካምፓላ መጣ። አለቃው አንብቦ፣ «ይኼ ደግሞ ማነው? ወንድ ገባ?» አለኝ። የውጤቱን መስመር ቆርጬ በዚህ ደብዳቤ ላይ ለጥፌልዎታለሁ፤ ከባቄላው ቅጠል አጠገብ ያስቀምጡት። እንዲህ ይላል፦

«ሙሂንዶ — ንጹሕ።»

ልጅዎ ካቡጎ